ደስታ በማንኪያ

ኅዳር 8

ለእህቴ ለሚጢጢ፣

ሰላምታዬ ከወረቀቱ ቀድሞ ይድረስሽ። ብርዱ አይድፈርሽ፣ የያዝሽው ይቅናሽ፣ ክፉ ዓይን አይይሽ። እኛ ደህና ነን ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ግን ምን ያስዋሸኛል? እናትሽ፣ እትዬ፣ ትናንት እንደገና ወደቀች።

አትደንግጪ፣ አሁን ተነሥታ ሻይዋን እየጠጣች ነው። ትናንት ፀጉር ቤቴ ውስጥ እንደ ልማዷ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ የደንበኞቼን ወሬ ትለቃቅም ነበር። የፀጉር ማድረቂያው የካስኩ ገመድ «ጧ!» ብሎ ተቃጠለ። እኔ ዘለልኩ፣ ካስኩ ሥር የነበረችው ጎረቤታችን ነርሷ ዘለለች። እትዬ ግን ዝም ብላ ከወንበሩ ተንሸራተተች። ነርሷ የፀጉር መጠቅለያው ቢጉዲ ፀጉሯ ላይ እንደተንጠለጠለ ሮጣ አንገቷን ዳሰሰችና «ልቧ ተመሰቃቅሏል» አለችኝ። ትንሽ ቆይቶ ራሱ ተስተካከለ። ሦስተኛ ጊዜዋ ነው፤ ሁሌም ድንገት ስትደነግጥ።

እስቲ አሁን ወደ ሆዴ ነገር ልግባ። ክረምት ላይ «የሁለታችሁንም ደም አስቀድታችሁ ላኩልኝ» ስትዪ፣ መርፌ ስትፈራ ክንዷን ይዤ ያስቀዳኋት እኔ ነኝ። እዚያ ውጭ አገር ላቦራቶሪሽ ውስጥ ከደሟ የልብ ሴል እንዳሳደግሽና ሳህን ላይ እንደሚመታ በስልክ ከነገርሻት ወዲህ ግን እኔ በዚህ ቤት እንደ ወንበሩ ሆኛለሁ። ደንበኛ በገባ ቁጥር «እውነተኛው ልቤ ልጄ ጋ ነው፣ እኔ ጋ ያለው ቅያሪው ነው» ትላለች። ሰዉ ይስቃል። እኔ አልስቅም። እናቴ ስትሞት «የእህቴ ልጅ» ብላ አንሥታ ያሳደገችኝ እሷ ናት፣ ውለታዋን አልክድም። ግን እግሯን የማጥበው እኔ፣ ስትወድቅ የማነሣት እኔ፣ ልቧ አንቺ ጋ! የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ማለት ይሄ ነው።

የእኔስ ደም? እኔም ክንዴን ዘርግቼ ተቀድቻለሁ። የእኔ ልብ ምን አለ? የነገረኝ የለም።

አክባሪሽ ምላጭ
(ስሙን ያወጣሽልኝ አንቺ ነሽ፤ እንግዲህ ቻይው)


ታኅሣሥ 19

ለእህት ዓለሜ ለምላጭ፣

እጅሽ አይዛል፣ መቀስሽ አይዶልዱም፣ ቤታችሁን ሰላም አይራቀው። የዘገየሁት የእማዬን ሴሎች ጨርሼ ሳላይ ልጽፍልሽ ስላልፈለግሁ ነው። አሁን አይቻለሁ፤ ተቀመጪና አንብቢው።

የልብ ሴል በጣም ትንሽ ከረጢት ናት። ቆዳዋ ላይ ከፕሮቲን የተሠሩ በሮች አሉ። በአንዱ ሶዲየም፣ በሌላው ካልሲየም ይገባል፤ ያኔ ሴሏ ትኮማተራለች፣ ልብ መታ የምንለው እሱ ነው። ከዚያ ፖታሲየም በራሱ በር ይወጣና ሴሏ አርፋ ለሚቀጥለው ምት ትዘጋጃለች። የእኔ ሥራ ጫፉ ከፀጉር የቀጠነ የመስታወት ቱቦ ሴሏ ላይ አስጠግቶ በየበሩ ምን ያህል እንደሚያልፍ መለካት ነው።

ታዲያ ፕሮቲን ተሠርቶ በዚያው አይቀርም። አንቺ የበቀለ ፀጉር ቀለም ትቀቢያለሽ፣ በቢጉዲ ትጠቀልያለሽ፤ ፀጉሩ ያው ነው፣ ጠባዩ ይለወጣል። ሴልም በሮቿን እንዲሁ ታደርጋቸዋለች። አንዱ ላይ ስኳር ታንጠለጥላለች፣ አንዱ ላይ ቅባት ትለጥፋለች፣ ያረጀው ላይ «ይህ ይጣል» የሚል ምልክት ታደርጋለች። ሰው ሲደነግጥ ደግሞ አድሬናሊን ይመጣና በሮቹ ላይ ፎስፌት የምትባል ትንሽ ነገር እንድትለጠፍ ያደርጋል። ፎስፌት ያረፈበት በር ቀልጠፍ ብሎ ይከፈታል። የሚያስገባውም የሚያስወጣውም አብረው ስለሚፈጥኑ ጤነኛ ልብ ቢሮጥም አይደናቀፍም።

የእማዬ የፖታሲየም በር ግን ፎስፌቷ የምትቀመጥበት ቦታ የለውም። ስትፈጠርም እንዲሁ ናት። ተረጋግታ ስትቀመጥ ምንም አይታይም። ስትደነግጥ የሚያስገባው በር ይፈጥናል፣ የሚያስወጣው ግን በዚያው ዝግታው ይቀራል። ሴሏ ሳታርፍ ሌላ ምት ይደርስባታል። አንድ ቀን ተመሰቃቅሎ ላይመለስ ይችላል።

ስለዚህ አብሬ የላክሁትን ውጤት ይዘሽ ለልብ ሐኪም አሳዪያት። አድሬናሊኑን የሚያቀዘቅዝ ክኒን ያዝዝላታል፤ አንድም ቀን እንዳይዘለል። ድንገተኛ ነገር ሁሉ ይከልከል፦ ደወል፣ ጩኸት፣ ክፉ ወሬ፣ ድንገተኛ ደስታም ቢሆን። ሴሏ ደስታና ድንጋጤን አትለይም።

ያንቺ ሴል ጤነኛ ነው። ከእማዬ ሳህን ጎን አድርጌ ማወዳደሪያ አድርጌዋለሁ።

ጠዋት ጠዋት ጓንቴን አጥልቄ ማሞቂያ ሳጥኑን ስከፍት የእማዬን ሳህን «እንደምን አደርሽ» እላታለሁ። አትመልስልኝም። ባለፈው ካንቺ ጋር ስልክ ላይ ሳለን እማዬ ከኋላ «ልጄ፣ ውሃ አቀብይኝ» ስትል ሰማኋት። «አቤት» ልል አፌን ከፈትኩ፤ ለካ አንቺን ነው። ከዚያ ወዲያ ምን እንዳወራን አላስታውስም። እስቲ አንድ ፎቶ ብቻዋን አንሥተሽ ላኪልኝ። ያሉኝ ፎቶዎች ሁሉ ላይ ያንቺ ትከሻ አለበት።

ሚጢጢ


ጥር 27

ለተማረችው እህቴ፣

ዕድሜ ይስጥሽ፣ ዕውቀትሽን ይጨምርልሽ። ለእኔ ግን ትንሽ ትዕግሥት ይጨምርልኝ።

ማወዳደሪያ! ትምህርት ቤት ሳለን በየሴሚስተሩ «እሷ ስንተኛ ወጣች፣ አንቺስ?» ስባል አደግሁ። ያ አልበቃ ብሎ አሁን ልቤ ባሕር ተሻግሮ ማወዳደሪያ ሆነ! ምቀኛ አታሳጣኝ ብዬ ጸልዬ ነበር እንዴ?

ለማንኛውም ያልሽው ሁሉ ተፈጽሟል። ሐኪሙ ክኒኑን አዘዘ፤ ጠዋት ከቁርስ ጋር በዓይኔ እያየሁ ታስገባዋለች። የበሩን ደወል ነቅዬዋለሁ። ደንበኞች ደጅ ላይ ሲደርሱ እንዲያስሉ ነግሬያቸው ሰፈሩ ሁሉ ጉንፋን የያዘው መስሏል። ወሬም ዝም ብሎ አይወራም። አውሪዋ መጀመሪያ «አሁን የሚያስደነግጥ ነገር ልናገር ነው» ትልና ቆይታ ትናገራለች። ትናንት አንዷ የባሏን ጉድ ልታወራ ስትዘጋጅ፣ ስትዘጋጅ፣ ፀጉሯ ደርቆ ወጣች። እትዬ «እንዲህ ከሆነስ ብሞት ይሻለኛል» ብላ ተቆጣች።

ስልኩንም አንሥቼዋለሁ። በጮኸ ቁጥር «ልጄ ናት!» ብላ ትፈናጠራለች። ስለዚህ አጥፍቼ እኔ ክፍል መሳቢያ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። ደብዳቤሽንም በማንኪያ ነው የምሰጣት። ሰኞ ሰላምታውን፣ ረቡዕ አንድ አንቀጽ፣ እንደ ሁኔታዋ እያየሁ። «ድንገተኛ ደስታም ቢሆን» ያልሽው ራስሽ ነሽ። በዚህ ቤት ከአንቺ የባሰ ድንገተኛ ደስታ የለም።

ፎቶውን ልኬያለሁ። ብቻዋን ናት። ጥግ ላይ የሚታየው ጣት የእኔ ነው፤ ፀጉሯን ደግፌ ነበር፣ ምን ላድርግ።

ምላጭ


የካቲት 20

ለምላጭ፣

ሰላም ሁኚ።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ስልኩን ድምፁን ቀንሰሽ አጠገቧ ማስቀመጥ አቅቶሽ ነው? የእናቴን ድምፅ ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ ነው? እኔ በሯን እንድትጠብቂላት ነበር የጻፍኩልሽ፣ በእኔ ላይ እንድትዘጊው አይደለም። ሳይንሴን ወስደሽ መልሰሽ እኔኑ መታሽኝ።

ደብዳቤዬን በማንኪያ! እናቴን ለእኔ በማንኪያ የምትሰፍሪልኝ ማን ሾሞሽ ነው?

ልመጣ ነው። ሐምሌ ላይ ፈቃድ ጠይቄያለሁ። ላንቺ ነው የምነግርሽ፤ ለእሷ ትንፍሽ እንዳትዪ። ከአገር ከወጣሁ ጀምሮ በዓይኔ የሚዞር አንድ ነገር አለ፤ በሩን ከፍቼ ስገባ እማዬ እሪ ብላ፣ የያዘችውን ጥላ ስትነሣ። ሌላ ምንም አልመኝም። ይቺ እሪታ የእኔ ናት። አንቺ በየቀኑ አለሽላት፤ እኔ ያለችኝ ያቺ አንዲት ቅጽበት ናት። ክኒኑን እየወሰደች ነው፣ ነርሷም አጠገባችሁ ናት። እገባለሁ በቃ።

ሚጢጢ


ሚያዝያ 2

ለእህቴ ለሚጢጢ፣

መንገድሽ የቀና ይሁን፣ ልብሽም አብሮ ይቅና። የዘገየሁት ተናድጄ ነው፤ ተናድጄ ስጽፍ ፊደሌ ያስጠላል።

አብደሻል? ለሌላው ድንጋጤ ክልክል፣ ላንቺ ሲሆን የተፈቀደ? ሰሚው ምን ይላል!

አሁን ልነግርሽ ያልፈለግሁትን ልንገርሽ። ባለፈው ወር አንዲት ደንበኛዬ ጋዜጣ ይዛ ሳታስል ገባችና «እማማ፣ ልጅዎ እዚህ ወጥታለች!» ብላ ዘረጋችው። ነጭ ካፖርትሽን ለብሰሽ ቆመሻል። እትዬ «የእኔ ሚጢጢ!» ብላ ብድግ አለች። ቆማ አልቆየችም። መሬት ላይ ራሷን ታፋዬ ላይ አድርጌ፣ የነርሷ ጣት አንገቷ ላይ ሆኖ፣ ከባለ ጋዜጣዋ ጋር ሦስታችንም ምቱን ጠበቅን። ከክኒኑ ጋር ነው እንግዲህ ይሄ። ተመለሰች። ዓይኗን ስትገልጥ የጠየቀችው ጋዜጣው የት እንደገባ ነው።

ያን ቀን ምን እንደተሰማኝ ልንገርሽና ፍረጂኝ። መጀመሪያ ፈራሁ። ከዚያ ቀናሁ። አዎ፣ የምትሞት ሴት ታፋዬ ላይ አስተኝቼ ቀናሁ። ይኼን ሁሉ ዓመት በዚያ በር ስገባ ስወጣ አንድ ቀን በእኔ ደስ ብሏት ልቧ ስቶ አያውቅም። አንቺ ፎቶሽ ብቻ ደርሶ ሊገድላት ነበር። እኔ ሞቼ ብመጣ «በሩን ዝጊው፣ ብርድ ይገባል» ነው የምትለኝ።

ስለዚህ በድንገት አትመጪም። ቀኑን ንገሪኝ። ቀስ አድርጌ እነግራታለሁ። ይህን የምትችል እኔ ነኝ፤ ፊቷን የማነበው እኔ ነኝ። እምቢ ካልሽ በሩ ላይ እቆማለሁ፣ አታልፊኝም።

ምላጭ


ግንቦት 11

ለእህት ዓለሜ፣

በእጅሽ ያለችውን ይጠብቅልሽ። ካንቺ ደብዳቤ በኋላ ለብዙ ጊዜ ብዕር አላነሣሁም። ሥራ ቦታም ሰው ቢጠራኝ አልሰማም ነበር።

ከዚያ አንድ ነገር ሞከርኩ። አለቃዬ ከቁም ነገር የማይቆጥረው ሙከራ ነው፤ ለራሴ ነው። አንዱ የእማዬ ሳህን ላይ አድሬናሊኑን በአንድ ጊዜ አፈሰስኩት። ሴሎቹ ሮጡ፣ ተደናቀፉ፣ ስክሪኑ ላይ መስመሩ ተመሰቃቀለና አንዳንዶቹ በዚያው ቆሙ። ሌላው ሳህን ላይ ያንኑ መጠን በጠብታ፣ በጠብታ፣ መሀል ላይ እያሳረፍኩ ሰጠሁ። ምቱ ፈጠነ እንጂ አልተሰበረም። ከሳህኑ ላይ አጎንብሼ፣ ጠብታ ይዤ፣ የሚቀጥለውን ልስጥ አልስጥ እያልኩ ስጠብቅ አንቺ ታሰብሽኝ። ሰኞ ሰላምታውን፣ ረቡዕ አንድ አንቀጽ።

ልክ ነሽ። ልክ መሆንሽ አንገበገበኝ፤ ግን ልክ ነሽ። ሐምሌ 6 እገባለሁ። ንገሪያት።

አንድ ነገር ብቻ አስቀሪልኝ። ፀጉሬን ጭርስ አድርጌ ተቆርጬዋለሁ። እሱን አትንገሪያት። ይቺን ታክል ብትደነግጥልኝ አትሞትም።

ሚጢጢ


ሰኔ 20

ለምትመጪዋ እህቴ፣

እግርሽን ያቅናው፤ ደጃችን ክፍት ነው።

ጀምሬዋለሁ። መጀመሪያ ቀን ፀጉሯን እያበጠርኩ «ሚጢጢ ዘንድሮ ፈቃድ ሳይሰጧት አይቀርም መሰለኝ» አልኳት። «እሰይ፣ ትረፍ» አለች። ነርሷ ቀለም ተቀብታ እንደተቀመጠች በጎን የእትዬን እጅ አንጓ ያዘች፤ ደህና። ሌላ ቀን «ፈቃዱን ምን ታደርግበት ይሆን?» አልኳት፤ ሻይዋን ማማሰል ጀመረች። ሌላ ቀን «ሻንጣ ገዛች አሉ።» ስኒዋን አስቀመጠች፤ እኔም ወሬ ቀይሬ የካስኩን ጥገና ማውራት ጀመርኩ። ሌላ ቀን «ወደዚህ የሚመጣ አውሮፕላን ዋጋው ቀንሷል።» በመስተዋቱ ውስጥ አየችኝና «ቀኑን ብቻ ንገሪኝ፣ ሌላውን በልቼ ጨርሻለሁ» አለችኝ። ሁለት ሳምንት አስጠብቄ ነገርኳት። ልቧ ንቅንቅ አላለም።

ይኸው ደስታሽን የማበላት እኔ ሆንኩ። እያንዳንዷን ማንኪያ መጀመሪያ ለራሴ ቀመስኳት፤ ለእኔ መራራ ናት። አትታዘቢኝ። ከመጣሽ ወዲያ እኔ በዚያ ቤት ምን ልሆን ነው? ልጅ ስትመጣ ማወዳደሪያዋ የት ትቀመጣለች?

ስለ ፀጉርሽ አልነገርኳትም። ማን እንደቆረጠው ባየሁ ግን!

ምላጭ


ነሐሴ 30

ለእህቴ ለምላጭ፣

ሰላምሽ ይብዛ፣ ጤናሽን ያብዛልኝ። በሰላም ተመልሼ ሥራ ጀምሬያለሁ። የእማዬ ሳህን ደህና ነው፣ ያንቺም።

በሩን ከፍቼ የገባሁበትን ቀን አንቺም አጠገቧ ቆመሽ አይተሻል። እማዬ ወንበሯ ላይ ሆና «መጣሽ? እጅሽን ታጠቢና ነይ» አለችኝ፤ ከሱቅ የተመለስኩ ይመስል። እሪታው ቀረ። አቅፌያት እያለቀስኩ በትከሻዋ በኩል አንቺን በጥላቻ አየሁሽ፤ አንቺም ሳይገባሽ አልቀረም። ከዚያ ሻሼን ሳወልቅ «ምነው! ማነው የላጨሽ? ምላጬ፣ ነይ እይው እስቲ!» ብላ ሳቀች። ያስቀረሽልኝን ያቺን ትንሽ ድንጋጤ አገኘሁ። ፀጉሬ ተስተካክሎ እስኪያበቃም መቀሱ ያንቺ፣ ወሬው የሁለታችሁ ነበር።

አሁን ያልነገርኩሽን ልንገርሽ። አንድ አንድ ጠብታ ልሰጥሽ አስቤ ነበር፤ አልችልበትም። ያንቺ ልብ ጤነኛ ነው፣ ይችለዋል።

በሁለተኛው ሳምንት «እናትና ልጅ ተጫወቱ» ብለሽ፣ ለእኔ ብቻ ነግረሽ፣ ነርሷ ቤት ልታድሪ ሄድሽ። ማታውን እማዬ ክፍልሽ የተኛሽ መስሏት ነበር። ጠዋት ውሃ ፈልጋ «ልጄ» ብላ ጠራች። «አቤት» ብዬ ሄድኩ። «አንቺን አይደለም» አለችኝ። አልጋሽን አየች፣ ተነጥፏል። ማበጠሪያሽ ከቦታው የለም። ጫማ ሳታደርግ ወጣች። ስከተላት ግቢው በር ላይ «ሄደችብኝ፣ አስቀይመናት ሄደችብኝ» እያለች ነው። በሩን ይዛ ተንሸራተተች።

መሬት ላይ እጅ አንጓዋን ያዝኩ። ስንት ዓመት ስክሪን ላይ ያየሁት ነገር ጣቴ ሥር ነበር፤ ሮጠ፣ ተደናቀፈ፣ ጠፋ፣ ከዚያ አንድ፣ ከዚያ ሌላ፣ ተመለሰ። ዓይኗን ስትገልጥ «መጣች?» አለች። «እማዬ፣ እኔ አለሁ» አልኳት። «አንቺማ አለሽ» አለችኝ። «እሷስ?»

አንቺ ረፋዱ ላይ ዳቦ ይዘሽ ገባሽ። «ዳቦው ቀዝቅዟል» ብላ ተቆጣችሽ። ወደ ጓዳ ስትገቢ እጄን ጨብጣ «እንዳትነግሪያት፤ የእሷም ልብ እንዳይደነግጥብኝ» አለችኝ። በዚያው ሳምንት ለክትትል ብዬ ስወስዳት ሐኪሙ ክኒኑን ለምን እንደጨመረ አሁን ይገባሻል።

እማዬ አትንገሪ ስላለችኝ አይደለም ዝም ያልኩት። ቀንቼ ነው። ባሕር አቋርጬ መጥቼ «እጅሽን ታጠቢ» ተባልኩ፤ አንቺ አንድ ማታ ሁለት ቤት አልፈሽ ብታድሪ ልቧ ሊቆም ነበር። «በእኔ ልቧ ስቶ አያውቅም» ብለሽ ጽፈሻል። ስቷል። ጣቴ ላይ ነበር።

ሁለተኛ ሳትነግሪያት ከቤት እንዳታድሪ።

ሚጢጢ


መስከረም 14

ለእህት ዓለሜ ለሚጢጢ፣

አዲሱ ዓመት ለሁላችንም የጤና ይሁን። እትዬ ደህና ናት፤ ክኒኗን ትወስዳለች፣ ትቆጣኛለች። ስልኩን ከመሳቢያ አውጥቼ ድምፁን ዝቅ አድርጌ መስኮቱ ሥር አስቀምጬላታለሁ፤ እሑድ ረፋድ ላይ ደውዪ፣ ቀድሜ እነግራታለሁ።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ቆይቷል። «ምን አለች?» ትለኛለች፣ «ደህና ናት» እላታለሁ። ሌላውን ለራሴም በማንኪያ ነው የምሰጠው፤ ገና አልጨረስኩትም። «አንድ ማታ» እስከሚለው ድረስ አነባለሁ፣ አጥፌ ኪሴ እከተዋለሁ፣ የአንዷን ደንበኛ ፀጉር አጥባለሁ፣ ከዚያ እንደገና አወጣዋለሁ።

ምላጭ